የባለሙያ ምላሽ፦ በናሽቪል ያለው የድንጋይ ግቢ የማን ትምህርት ቤት ነበር?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። በናሽቪል፣ ቴነሲ የሚኖሩ አንባቢ የአክስታቸው ልጅ ሠርግ ላይ ታድመው ነበር። ሥነ ሥርዓቱ የተፈጸመው ከቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ አጠገብ በሚገኝ፣ ማማ ባለው የድንጋይ ግቢ ውስጥ ባለ ጸሎት ቤት ነው። የግቢው ስም «ስካሪት ቤኔት» ይባላል። አንድ የግቢው ሠራተኛ «ይህ ድሮ የሚስዮናውያን ኮሌጅ ነበር» አላቸው። አባታቸው ደግሞ ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው የቄሶች ትምህርት ቤት ነበራ» አሉ። ጠያቂያችን ማወቅ የፈለጉት ማን እንዳቋቋመው፣ እነማን እንደተማሩበት፣ ይህን የመሰለ ግቢ ያለው ኮሌጅ እንዴት ሊዘጋ እንደቻለ፣ ዛሬስ ሰው ሊማርበት ይችል እንደሆነ ነው።

የሜቶዲስት ተልእኮ ታሪክን ለረጅም ጊዜ ሳስተምር ስለኖርሁ ጥያቄውን በደስታ ነው የተቀበልሁት። ከአባትዎ ግምት ልጀምር። አባትዎ ያሉትን ብዙ ሰው ይላል፤ ነገር ግን የዚህ ቤት ታሪክ ቁልፉ ያለው እዚያ ላይ ነው። ስካሪት የተቋቋመው ቄሶችን ለማሠልጠን አልነበረም። ቄስ መሆን ላልተፈቀደላቸው፣ በገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው ጉባኤ ድምፅ እንኳ ላልነበራቸው ሴቶች፣ እነዚያው ሴቶች ራሳቸው ሳንቲም በሳንቲም አጠራቅመው ያቆሙት ቤት ነው። አነሣሡንም ሆነ መዘጋቱን ይህን ሳይይዙ መረዳት አይቻልም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ሜቶዲስት የሚለው ስም በአገራችን እንደ መካነ ኢየሱስ ወይም እንደ ቃለ ሕይወት የተለመደ ስላልሆነ ጥቂት ላስረዳ። ሜቶዲስቶች በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ከጆን ዌስሊ ስብከት የተነሡ ክርስቲያኖች ናቸው። ዌስሊ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበር። የማዕድን ቆፋሪውንና የድሃውን ሠራተኛ ሰፈር እየዞረ በሜዳ ሰበከ፤ ሰዎችን በትናንሽ ቡድን አደራጀ፤ ክህነት የሌላቸውን ምእመናን ሰባኪ አድርጎ አሰማራ። እንቅስቃሴው ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በ1784 የራሱን ቤተ ክርስቲያን መሠረተ። በ1844 ግን የጆርጂያው ጳጳስ ጄምስ አንድሩ ባሪያ አሳዳሪ ሆኖ በመገኘቱ ጉባኤው ለሁለት ተሰነጠቀ። የደቡቡ ወገን በ1845 የራሱን ቤተ ክርስቲያን አቆመ። ስካሪት የተወለደው ከዚህ ከደቡቡ ወገን፣ ማለትም ባርነትን ላለመተው ብሎ ከተገነጠለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህን በልብዎ ይያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የደቡብ ሜቶዲስት ሴቶች የራሳቸውን የውጭ ተልእኮ ማኅበር ያገኙት በ1878 ነው። በዚያው ዓመት ሎኪ ራንኪን የምትባል ወጣት አስተማሪ ወደ ሻንጋይ ላኩ። ለምን ሴት አስፈለገ ቢሉ፣ በቻይናም በህንድም ወንድ ሚስዮናዊ ወደ ሴቶች ጓዳ መግባት አይችልም ነበር። ሴቶችንና ሕፃናትን ሊያስተምር፣ የታመመች እናት ሊጠይቅ የሚችለው ሴት ብቻ ነበር። ስለዚህ ማኅበሩ በየዓመቱ ልኳል። ችግሩ የሚላኩት ልጆች የሚሄዱት ልባቸውን ብቻ ይዘው መሆኑ ነበር። «ጥሪ አለኝ» ያለች ወጣት፣ አንድ ሁለት ዓመት የገጠር ትምህርት ቤት ያስተማረች፣ መጽሐፍ ቅዱስን ከእናቷ ጉልበት ሥር የተማረች፣ መርከብ ትሳፈርና ቋንቋውን በማታውቀው፣ በሽታውን በማታውቀው አገር ትወርዳለች። ወንድ ባልደረባዋ ሴሚናሪ፣ ማለትም የቄሶች ማሠልጠኛ፣ ገብቶ ነው የሚመጣው። እሷን ግን የሚቀበል ሴሚናሪ የለም። ከአትላንታ የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተነሥታ በ1884 ቻይና የገባችው ላውራ ሄይጉድ ራሷ የበሰለች አስተማሪ ስለነበረች ጉድለቱ ቶሎ ታይቷታል። የሠለጠነ ሰው ላኩልን የሚለውን ጩኸት ካሰሙት አንዷ እርሷ ነበረች።

ጩኸቱን ወደ ሥራ የለወጠችው ግን አንዲት የኬንታኪ ሴት ናት። ቤል ሃሪስ ቤኔት በ1852 በሪችመንድ፣ ኬንታኪ አቅራቢያ ከሀብታም የገበሬ ቤተሰብ ተወለደች። አላገባችም። ሰንበት ትምህርት ቤት ታስተምር ነበር። በ1880ዎቹ መጨረሻ የተልእኮ ስብሰባ ላይ ተቀምጣ የሚላኩት ሴቶች ምንም ሥልጠና እንደሌላቸው ስትሰማ ነገሩ እንቅልፍ ነሳት። ያኔ የሰሜኑ ሜቶዲስቶች አንድ ርምጃ ቀድመው ነበር፤ ሉሲ ራይደር ማየር የምትባል፣ ኬሚስትሪና ሕክምና ያጠናች ሴት በ1885 ቺካጎ ላይ ለከተማ፣ ለአገር ውስጥና ለውጭ ተልእኮ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ከፍታለች። ቤኔት ለደቡቡም እንዲህ ያለ ቤት ያስፈልገዋል አለች። በ1889 የሴቶቹ ቦርድ ሊትል ሮክ፣ አርካንሳስ ላይ ሲሰበሰብ ሐሳቧን አቀረበች። ቦርዱም ተቀበለውና ገንዘቡን የማሰባሰቡን ሥራ ለራሷ ሰጣት። የ36 ዓመት ሴት ነበረች።

ገንዘብ አሰባሰቡ ላይ ቆም እላለሁ፤ ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር የሚታለፍ ነገር ነውና። ያን ጊዜ በደቡብ የምትኖር የጨዋ ቤት ሴት በሕዝብ ፊት ቆማ መናገሯ ራሱ ነውር የሚባልበት ዘመን ነበር። ቤኔት ከከተማ ከተማ፣ ከጉባኤ ጉባኤ በባቡር እየተጓዘች ተናገረች። የምትለምነው ባለጸጎችን ብቻ አልነበረም። የየአጥቢያው የሴቶች ማኅበር አባላት ከእንቁላልና ከቅቤ ሽያጭ፣ ከልብስ ስፌት ያተረፉትን ያመጡ ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን አባባላችንን በተግባር ማየት ለሚፈልግ ሰው እነዚያን ዓመታት ማጥናት ይበቃዋል።

ትልቁ ስጦታ ግን ከአንድ ወንድ መጣ። ናታን ስካሪት ሜቶዲስት ቄስ ነበር። በ1840ዎቹ መጨረሻ ወደ ካንሳስ ድንበር መጥቶ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ለሆነው ለሾኒ ነገድ ልጆች በተከፈተው የሜቶዲስት የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት አስተማረ። እግረ መንገዱን በካንሳስ ሲቲ አካባቢ መሬት ገዛ። ከተማዋ ስታድግ መሬቱ ወርቅ ሆነ። ለቤኔት ያቀረበው ስጦታ መሬትና 25 ሺህ ዶላር ነበር፤ ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ ሴቶቹ ያንኑ ያህል ማምጣት አለባቸው። ቤቱ ሳይሠራ በ1890 ሞተ። ሴቶቹ ግን ድርሻቸውን አሟሉ። የእርሱ ስም የትምህርት ቤቱ መጠሪያ ሆኖ ቀረ፤ የቤኔት ስም የተጨመረበት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ያ የሾኒ ትምህርት ቤት የነባር ሕዝብ ልጆች ከቋንቋቸውና ከወጋቸው እየተለዩ የሚያድጉበት ቤት ነበር። ዋና ኃላፊው ቶማስ ጆንሰን ደግሞ እዚያው ሚስዮን ግቢ ውስጥ ባሪያዎች ያሳድር ነበር። የስካሪትም ሀብት የተገኘው ነባሮቹ ሲገፉ ሰፋሪው በያዘው ምድር ላይ ነው። የተልእኮ ታሪክ ሲነገር ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ሴቶቹን ስለማከብር ነው የማልዘለው፤ የሠሩት ሥራ ክብደቱ የሚታየው ከምን ዓይነት አፈር ላይ እንደተነሡ ሲታወቅ ነውና።

የስካሪት የመጽሐፍ ቅዱስና የሥልጠና ትምህርት ቤት በሴፕቴምበር 1892 በካንሳስ ሲቲ፣ ሚዙሪ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ላውራ ሄይጉድ በሻንጋይ የማክታየር የልጃገረዶች ትምህርት ቤትን ከፈተች። በኋላ የቻይናን ታሪክ የነኩት ሦስቱ የሱንግ እህትማማቾች ልጅ ሆነው የተማሩት እዚያ ነው። አባታቸው ቻርሊ ሱንግ ደግሞ በእነዚሁ የደቡብ ሜቶዲስቶች ረዳትነት ናሽቪል፣ ቫንደርቢልት የተማረ ሰው ነበር። እርስዎ ሠርግ የታደሙበት ሰፈር ከሻንጋይ ጋር ያለው ዝምድና እንዲህ የቆየ ነው።

የመጀመሪያዋ ኃላፊ ማሪያ ሌይንግ ጊብሰን ነበረች። እርሷም ከኬንታኪ የመጣች አስተማሪ ናት። እስከ 1918፣ ማለትም 26 ዓመት መራችው። ትምህርቱ በሁለት እግር የቆመ ነበር። አንደኛው እግር መጽሐፍ ቅዱስ፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክና የተልእኮ ጥናት ነው። ሁለተኛው ከተማዋ ራሷ ነበረች። ተማሪዎቹ የካንሳስ ሲቲን ድሃ ሰፈሮች፣ ሆስፒታሎችና እስር ቤቶች ይጎበኙ ነበር፤ የስደተኛ ቤተሰቦችን በር ያንኳኩ ነበር። የነርስ ሥልጠናም ነበረ። ይህ ሁለተኛው እግር ነው ስካሪትን በዘመኑ ከነበሩት የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤቶች የለየው። ቻይና ወይም ብራዚል ሄዳ የምታገለግል ልጅ መጀመሪያ እዚሁ አገሯ የራበውን ሰው ቤት ገብታ መቀመጥን መማር አለባት የሚል እምነት ነበራቸው። እኔ እንደማምነው የትምህርት ቤቱ የኋላ ታሪክ በሙሉ የሚመዘዘው ከዚህ ነው። የሰው ቤት መግባት የለመደች ሴት ድህነቱ ከየት እንደመጣ መጠየቋ አይቀርምና።

ብዙም ሳይቆይ ሌላ ዓይነት ተማሪ መጣ። የደቡቡ ቤተ ክርስቲያን በ1902 የዲያቆናዊት አገልግሎትን ፈቀደ፤ የመጀመሪያዎቹ በ1903 ለአገልግሎት ተለዩ። ኦርቶዶክስ አንባቢ ይህን ቃል ሲሰማ በቅዳሴ የሚያገለግለውን ዲያቆን እንዳያስብ። የሜቶዲስት ዲያቆናዊት ክህነት የላትም፣ ቅዳሴም አትገባም። ዕድሜዋን ለአገልግሎት የሰጠች ምእመን ናት፤ የፋብሪካ ሰፈር ውስጥ ትኖራለች፣ መዋዕለ ሕፃናት ትከፍታለች፣ የማታ ትምህርት ታስተምራለች፣ በሽተኛ ትጎበኛለች። በደቡብ ከተሞች እነዚህ ሴቶች ያቋቋሟቸው የሰፈር አገልግሎት ቤቶች ለነጮች ሲሆኑ «የዌስሊ ቤት»፣ ለጥቁሮች ሲሆኑ «የቤተልሔም ማዕከል» ይባሉ ነበር። ስም እንኳ በቀለም የሚከፈልበት አገር ነበር።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚሠሩት ሴቶች በቤተ ክርስቲያናቸው ውሳኔ ሰጪ ጉባኤ ላይ መቀመጫ አልነበራቸውም። በ1910 ነገሩ ፈነዳ። ወንዶቹ የሴቶቹን የውጭና የአገር ውስጥ ማኅበራት ጠቅልለው በአጠቃላዩ የተልእኮ ቦርድ ሥር አስገቧቸው። ሴቶቹ የሰበሰቡት ገንዘብ፣ የገዙት መሬት፣ የሠሩት ትምህርት ቤት ሁሉ ስለ እነርሱ በሌሎች ተወሰነ። የተዋሐደው ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆና የተመረጠችው ቤኔት ናት። እሷም በዚያው ዓመት አሽቪል በተደረገው ጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቆማ ለሴት ምእመናን የድምፅ መብት ተከራከረች። ተሸነፈች። በ1914 ደግመው ጠየቁ፣ ደግመው ተከለከሉ። በ1918 ተፈቀደ። በ1922 ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በጠቅላላ ጉባኤ ሲቀመጡ ቤኔት ከኬንታኪ ተወክላ ተመርጣ ነበር፤ ግን ታማ መሄድ አልቻለችም። በዚያው ክረምት ሐምሌ ላይ አረፈች።

ስካሪት ወደ ናሽቪል የመጣው ይህ ኀዘን ገና ሳይደርቅ ነው። ካንሳስ ሲቲ ለደቡቡ ቤተ ክርስቲያን ዳር ነበረች፤ የቤተ ክርስቲያኑ ማተሚያ ቤትና የተልእኮ ጽሕፈት ቤቱ ያሉት ናሽቪል ነው። ሌላም ምክንያት ነበር። ቫንደርቢልት በ1873 የተመሠረተው በራሳቸው በደቡብ ሜቶዲስቶች ነው፤ ነገር ግን ቦርዱን ማን ይሾማል በሚለው ክርክር የቴነሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1914 በቤተ ክርስቲያኑ ላይ ፈረደ። ዩኒቨርሲቲው ከእጃቸው ወጣ። በእርሱ ምትክ በሌሎች ከተሞች ያሉትን ኢመሪንና ሳውዘርን ሜቶዲስትን የቤተ ክርስቲያናቸው ዩኒቨርሲቲ አደረጉ፤ ናሽቪል ላይ ግን ክፍተቱ ቀረ። በ1924 ስካሪት ተዛውሮ «ስካሪት የክርስቲያን አገልጋዮች ኮሌጅ» ተባለ። ያረፈው ከጠፋው ዩኒቨርሲቲ በራፍ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ፕሬዚዳንቱ ጄሲ ሊ ከኒንጊም ደረጃውን ከፍ አድርጎ የኮሌጅ የመጨረሻ ዓመታትና የማስተርስ ትምህርት የሚሰጥበት አደረገው። ወንዶችም መማር ጀመሩ። ከቫንደርቢልትና ከጎረቤቱ የመምህራን ኮሌጅ ከፒቦዲ ጋር ኮርስ ይጋሩ ነበር፤ በ1936 ሦስቱ አንድ የጋራ ቤተ መጻሕፍት አቋቋሙ። ትንሹ ስካሪት ከሁለት ትልልቅ ጎረቤቶች ጋር ባለድርሻ ነበር።

ያዩት ግቢ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ሄንሪ ሂብስ የተባለው የናሽቪል አርክቴክት በጎቲክ ስልት ነደፈው። ድንጋዩ ከቴነሲ የከምበርላንድ ደጋ፣ ከክራብ ኦርቸርድ የመጣ ነው፤ ቡናማው፣ ሐምራዊውና ግራጫው የሚቀላቀልበት ለዚህ ነው። ሴቶቹ ለቤኔት መታሰቢያ ብለው ባሰባሰቡት ገንዘብ ነው የተሠራው። ሐውልት አላቆሙላትም፤ ኮሌጅ ሠሩላት።

አሁን በልብዎ ይያዙልኝ ወዳልሁት ነገር ልመለስ። ባርነትን ላለመተው የተገነጠለ ቤተ ክርስቲያን ልጅ የሆነው ኮሌጅ በዘር ጥያቄ ላይ ምን አደረገ? ለእኔ የስካሪት ታሪክ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በ1925 ሉዊዝ ያንግ የምትባል መምህርት መጣች። ቀደም ብላ ኦገስታ፣ ጆርጂያ ባለው በፔይን ኮሌጅና በቨርጂኒያው ሃምፕተን፣ ማለትም በጥቁር ተማሪዎች ትምህርት ቤቶች፣ አስተምራ ነበር። ነጭ የደቡብ ሴት በጥቁሮች ኮሌጅ ማስተማሯ በዚያ ዘመን እንግዳ ነገር ነው። በስካሪት እስከ 1957 ቆየች፤ የአገር ውስጥ አገልግሎት ክፍሉን መራች። ለነጭ ተማሪዎቿ ዘረኝነትን በመጽሐፍ ብቻ አላስተማረችም። በከተማው ማዶ ካለው ከፊስክ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ተማሪዎችና ምሁራን ጋር አገናኘቻቸው። በመንጋ ፍርድ ጥቁሮችን ሰቅሎ መግደልን ለማስቆም በተደራጁት የደቡብ ሴቶች ዘንድም ሠራች።

ከተማሪዎቿ አንዷ ቴልማ ስቲቨንስ ናት። ሚሲሲፒ የተወለደች፣ ወጣት አስተማሪ ሳለች እንዲህ ያለ ግድያ በዓይኗ አይታ ዕድሜዋን ይህን ለመታገል የማለች ሴት ናት። በ1928 ከስካሪት ተመረቀች። ኦገስታ ያለውን የቤተልሔም ማዕከል መራች። የሰሜኑና የደቡቡ ሜቶዲስቶች በ1939 ከተዋሐዱ በኋላ ከ1940 እስከ 1968 በአገር አቀፉ የሜቶዲስት ሴቶች ክፍል የማኅበራዊ ግንኙነት ሥራውን ያዘች። በእርሷ ዘመን ሴቶቹ አንድ ተራ የሚመስል ጥያቄ ጠየቁ፤ በትምህርት ቤቶቻችንና በሆስፒታሎቻችን ዘር የምንለየው ሕግ ስለሚያስገድደን ነው ወይስ ስለለመድነው? መልሱን እንድታጠና ለጥቁሯ የሕግ ባለሙያ ለፖሊ መሬይ ሰጧት። መሬይ የየክፍለ ግዛቱን የዘር ሕግ ሁሉ አሰባስባ በ1951 ከ700 ገጽ በላይ የሆነ ጥራዝ አወጣች። ሕጋዊ መለያየትን በፍርድ ቤት ይታገሉ የነበሩ ጠበቆች ያን ጥራዝ ከእጃቸው አይለዩትም ነበር። የዚህ ሥራ ገንዘብ የመጣው ከሜቶዲስት ሴቶች ነው። ከእንቁላልና ከቅቤ ገንዘብ ማለቴ ነው።

ኮሌጁ ራሱ ግን ገና ጥቁር ተማሪ አይቀበልም ነበር። በ1901 የወጣው የቴነሲ ሕግ የግል ኮሌጅ እንኳ ነጭና ጥቁር አብሮ እንዳያስተምር ይከለክል ነበር። ከዚያ በፊት ሁለቱንም ይቀበል የነበረው ሜሪቪል ኮሌጅ በዚያ ሕግ ጥቁር ተማሪዎቹን ለማስወጣት ተገዷል። ስካሪት በሩን ለጥቁር ተማሪዎች የከፈተው በ1952 ነው። በሕዝብ ትምህርት ቤቶች ዘር መለየትን የሻረው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የብራውን ውሳኔ ሊወጣ ገና ሁለት ዓመት ነበር፤ ጎረቤቱ የቫንደርቢልት የሥነ መለኮት ክፍል የመጀመሪያውን ጥቁር ተማሪ የተቀበለውም ከዚያ በኋላ በ1953 ነው። ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን እንኳ ራሷ በዚያን ጊዜ ጥቁር አጥቢያዎቿን በተለየ የአስተዳደር ክልል አጉራ ትኖር ነበር፤ ያ ክልል የፈረሰው በ1968 ነው። ስለዚህ «ዘገዩ» ቢባል እውነት ነው፤ ከአካባቢያቸው ቀደሙ ቢባልም እውነት ነው። በኤፕሪል 1957 ስለ ክርስትና እምነትና ስለ ሰው ልጆች ግንኙነት በናሽቪል ጉባኤ ሲደረግ፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በዚያ ግቢ ባለው የዋይትማን ጸሎት ቤት ንግግር አድርጓል። በአውቶቡስ ዘር መለየትን በመቃወም ኪንግ የመራው የሞንትጎመሪው አድማ ካበቃ ገና አራት ወር ነበር።

ወደ ተልእኮው እንመለስና፣ ከስካሪት የወጡ ሴቶችና ወንዶች ወደ ቻይና፣ ኮሪያ፣ ጃፓን፣ ብራዚል፣ ሜክሲኮ፣ ኩባና ኮንጎ ሄደዋል። በትምህርት ቤት፣ በክሊኒክ፣ በሰንበት ትምህርት ሥራ ተሰማርተዋል። ከእነዚያ አገሮች የመጡ ተማሪዎችም ናሽቪል ላይ አብረው ይማሩ ነበር። የእያንዳንዱን አገር ታሪክ እዚህ ማንሣት አይቻልም።

እንግዲህ እንዴት ተዘጋ? ሰዎች «ገንዘብ አለቀበት» ይላሉ። ውሸት አይደለም፤ ተማሪው አነሰ፣ ወጪው ከበደ። ግን ተማሪው ለምን አነሰ? እኔ የምሰጠው መልስ ስካሪት የተሠራባቸው ሁለት ምክንያቶች ሁለቱም በጊዜ ብዛት መወገዳቸው ነው። አንደኛው፣ ሴት ሴሚናሪ መግባት አለመቻሏ ነበር። የሜቶዲስት ጠቅላላ ጉባኤ በ1956 ሚኒያፖሊስ ላይ ለሴቶች ሙሉ የክህነት መብት ሰጠ። ቀስ በቀስ ጥሪ አለኝ የምትል ወጣት ከዲያቆናዊትነት ይልቅ መጋቢ ለመሆን ሴሚናሪ መግባት ጀመረች። ቤኔት የታገለችለት በር ሲከፈት፣ በሩ ዝግ ስለነበር የተሠራው ቤት ባዶ መሆን ጀመረ።

ሁለተኛው፣ የውጭ ተልእኮው ራሱ መልኩን ለወጠ። የብራዚል፣ የሜክሲኮና የኮሪያ ሜቶዲስቶች በ1930 ራሳቸውን የቻሉ ቤተ ክርስቲያኖች ሆነዋል፤ የጃፓኑ ከዚያም በፊት በ1907። የሚመራቸው የራሳቸው ሰው ነው፤ አስተማሪውንም ራሳቸው ያሠለጥናሉ። ከሁሉ የሰፋው መስክ ቻይና ደግሞ ከ1949 አብዮት በኋላ ለሚስዮናውያን ተዘጋ። ከውጭ የሚፈለገው ሰው ሐኪም ወይም የእርሻ ባለሙያ ሆነ፤ እርሱ ደግሞ ሙያውን የሚማረው በሌላ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጎረቤቶቹም ተለወጡ፤ ፒቦዲ በ1979 በቫንደርቢልት ተጠቃለለ፤ የሦስቱ ሽርክና ፈረሰ። ስካሪት በመጨረሻዎቹ ዓመታት በክርስቲያናዊ ትምህርትና በቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ሆኖ ለመቆየት ሞከረ። በ1988 ተዘጋ። አንድ ተቋም ከውስጡ ሲፈርስ አይቻለሁ፤ ስካሪት ግን እንደዚያ አልነበረም። ሥራው ያለቀበት ቤት ነው ብዬ ነው የማምነው። ባልደረቦቼ በዚህ አይስማሙም፤ ዓላማውን ከዘመኑ ጋር ማደስ ይችል ነበር ይላሉ። ክርክሩ አላለቀም።

ግቢው ግን ለገበያ አልወጣም። የሜቶዲስት ሴቶች ክፍል ያዘውና በዚያው ዓመት የስብሰባ፣ የጥሞናና የትምህርት ማዕከል አደረገው፤ ያኔ ነው የቤኔት ስም ከስካሪት ጎን የተጻፈው። ሴቷ ለራሷ ቤት ስሟ እስኪሰጣት 96 ዓመት ፈጀ።

የመጨረሻ ጥያቄዎ ዛሬ መማር ይቻል እንደሆነ ነበር። ዲግሪ የሚሰጥ ትምህርት እዚያ የለም። ስብሰባ፣ የጥሞና ቀናት፣ ሠርግና የእንግዳ ማረፊያ ነው ያለው፤ ማንም ሰው መጥቶ መጎብኘት ይችላል። ጥያቄውን ያነሡት አገልግሎቱን ፈልገው ከሆነ ግን የዲያቆናዊትነት ጥሪ በዩናይትድ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን እስካሁን አለ። ዛሬም ክህነት አይጠይቅም፤ ለምእመናን የተከፈተ ነው፤ ወንዶችም «የአገር ውስጥ ሚስዮናዊ» በሚል ስም ይገቡበታል። ማመልከቻው የሚቀርበው ለጳጳሱ አይደለም፤ የቤኔት ማኅበር ወራሽ ለሆነው ለሴቶቹ ድርጅት ነው።